አሞናይትን ለቅሞ በቤት ማቆየት

የመጀመሪያዎቹን አሥራ አንድ አሞናይቶች ያጠፋኋቸው እኔው ነኝ። ከእንግሊዝ ደቡባዊ ጠረፍ፣ ቻርማውዝ ከምትባል ትንሽ መንደር ባሕር ዳር ለቅሜ ወደ ለንደን ይዣቸው መጣሁ። ትልቁ ከአንድ ብር ሳንቲም አይበልጥም፤ ሁሉም ግን በወርቅ የተለበጡ ይመስሉ ነበር። ብርሃን የሚያገኙበት ቦታ ስፈልግ የመታጠቢያ ቤቱ መስኮት ደፍ ላይ ደረደርኳቸው። ስድስት ወር ገደማ ቆይቶ አንድ ጠዋት ክብሪት የተጫረ ያህል ሸተተኝ። ቀረብ ብዬ ሳይ ወርቁ ግራጫ ሆኗል፣ ጥምዝምዙ መሐል ለመሐል ተሰንጥቋል፣ ከሥሩ ነጭ ዱቄት ፈሷል። አንዱን በሁለት ጣቴ ላነሣው ስል እንደ ከሰል ፍርፋሪ እጄ ላይ በነነ።

195 ሚሊዮን ዓመት ግድም የቆየ ነገር እኔ ቤት መንፈቅ አልዘለቀም። ስለዚህ በዚህ መመሪያ ስለ መልቀሙ የምለው ያነሰ፣ ከለቀሙ በኋላ ስላለው ጣጣ የምለው የበዛ ነው። በመልቀሙ ባሕሩ ያግዛችኋል። ለማቆየቱ ግን ያላችሁት እናንተው ናችሁ።

የምትፈልጉትን ዕወቁ

አሞናይት የባሕር እንስሳ ነበር። ቅርፊቱ ቀንድ አውጣ ቢያስመስለውም የሥጋ ዘመዶቹ ስኩዊድና ኦክቶፐስ ናቸው። ጥምዝምዙ ውስጡ በስስ ግድግዳ የተከፋፈለ ነው። እንስሳው የሚኖረው በመጨረሻውና በሰፊው ክፍል ነበር፤ የቀሩት ክፍሎች ጋዝ ይዘው ውኃ ውስጥ ያንሳፍፉታል። ሰውነቱ ሲያድግ ወደ ፊት ይገፋና ከኋላው ሌላ ግድግዳ ይሠራል። አሞናይት የሚመደብበት ሰፊ ወገን ከ400 ሚሊዮን ዓመት በፊት ግድም ብቅ ብሎ፣ ከ66 ሚሊዮን ዓመት በፊት ከዳይኖሰሮች ጋር ጠፍቷል። አንዱ ዓይነት ቶሎ ቶሎ በሌላ ይተካ ስለነበር፣ የድንጋይ ተመራማሪዎች የአንድን ንብርብር ዕድሜ የሚያውቁት በውስጡ ባገኙት አሞናይት ነው።

ስሙ የመጣው የበግ ቀንድ ካለው የግብጻውያን አምላክ ከአሞን ነው። ሮማዊው ጸሐፊ ፕሊኒ በመጀመሪያው መቶ ክፍለ ዘመን ስለ «አሞን ቀንድ» ሲጽፍ፣ ወርቅማ መልክ ያለውና በኢትዮጵያ እጅግ ከተቀደሱት ድንጋዮች አንዱ እንደሆነ፣ እውነተኛ ሕልም ያሳያል እንደሚባልም መዝግቧል። የእሱ ኢትዮጵያ ከግብጽ በስተደቡብ ያለውን ምድር በጅምላ የሚያጠቃልል ስለሆነ፣ የእኛው ነው ብለን እንዳንኩራራ። እኔ ግን «ወርቅማ» የሚለውን ሳነብ ያ የመስኮት ደፍ ትዝ ብሎኝ አፈርኩ።

ወርቁ ፓይራይት የሚባል፣ ከብረትና ከድኝ የተሠራ ማዕድን ነው። አሞናይቱ ሞቶ አየር በሌለበት ጥቁር ጭቃ ውስጥ ሲቀበር፣ በጭቃው የሚኖሩ ባክቴሪያዎች በባሕሩ ውኃ ውስጥ ያለውን ድኝ ለወጡት፤ ድኙም ከብረት ጋር ተዋሕዶ ባዶዎቹን ክፍሎች ሞላ። እንግዲህ ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። አየር በሌለበት የተወለደ ማዕድን አየርና እርጥበት አንድ ላይ ሲያገኙት ወደ አሲድነት ይቀየራል። አሲዱ ድንጋዩን ከውስጥ ይበላዋል። የክብሪቱ ሽታና ነጩ ዱቄት የዚህ ውጤት ናቸው።

ቻርማውዝ ላይ ሁለት ዓይነት ታገኛላችሁ፤ ትንንሾቹንና ወርቅማዎቹን የፓይራይት፣ እንዲሁም በግራጫ የኖራ ድንጋይ ውስጥ የተቀበሩትን። አያያዛቸው ስለሚለያይ ገና ከዳርቻው በሁለት ከረጢት ለዩአቸው።

ጉዞው

ለጀማሪ ከቻርማውዝ የሚሻል ቦታ አላውቅም። ከለንደን ዋተርሉ ጣቢያ እስከ አክስሚንስተር ያለው የባቡር መንገድ ሦስት ሰዓት አይሞላም፤ ከዚያ አውቶቡስ አለ። ዳርቻው እ.ኤ.አ. በ2001 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው፣ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው የጁራሲክ ጠረፍ አካል ነው። የዓለም ቅርስ ላይ ልቀሙ መባሉ መጀመሪያ ገርሞኝ ነበር። ምክንያቱ ግን ቦታው ላይ ቆሞ ለሚያይ ግልጽ ነው፤ ገደሉ በየክረምቱ እየተናደ ባሕር ይገባል፣ ያልተነሣውን ሞገዱ ይፈጨዋል። ደንቡም አጭር ነው። ወድቆ ያገኛችሁትን ታነሣላችሁ፣ ገደሉን አትቆፍሩም። አጥንት ወይም ያልተለመደ ነገር ካገኛችሁ እዚያው ባሕሩ አጠገብ ባለው የቻርማውዝ ቅርስ ማዕከል ታሳያላችሁ።

የሚሻለው ወቅት ፈረንጆች ክረምት የሚሉት ነው፤ ከኅዳር እስከ መጋቢት፣ በተለይ ማዕበል ባለፈ ማግስት። በበጋ አሸዋው ሁሉን ይሸፍናል፣ ያልሸፈነውን ደግሞ ትምህርት ቤት የተዘጋላቸው ልጆች ቀድመዋችሁ ለቅመውታል። የልጅ ዓይን ለመሬት ቅርብ ነውና አትወዳደሯቸው።

ባሕር የሌለው አገር ልጆች ስለሆንን አንድ ነገር ጠበቅ አድርጌ ልበል። ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይሸሻል። ሙላቱ እንደ አዋሽ ድንገት እያጓራ አይመጣም፤ ጎንበስ ብላችሁ ስትለቅሙ በዝግታ ከኋላችሁ ዞሮ መመለሻውን ይዘጋል። ከቻርማውዝ ወደ ጎረቤቷ ከተማ ወደ ላይም ሪጂስ በሚወስደው ዳርቻ በአንድ በኩል ገደል፣ በሌላው ባሕር ነው፤ መሐል የተያዘ ሰው መውጫ የለውም። ስለዚህ ባሕሩ መሸሽ ሲጀምር ግቡ፣ ተመልሶ መሙላት ሳይጀምር ውጡ። በጣም ርቆ የሚሸሸው ጨረቃ ሙሉ በሆነችና በጠፋች ሰሞን ነው፤ በሌላ ጊዜ ውኃ የሚሸፍነው ጠጠር የዚያን ጊዜ ይገለጣል።

የሙላቱን ሰንጠረዥ ኢንተርኔት ላይ ታገኙታላችሁ፤ ሁለት ወጥመድ አለው። ብዙውን ጊዜ በግሪንዊች ሰዓት ስለሚጻፍ በበጋ አንድ ሰዓት መጨመር አለባችሁ። ሁለተኛው የራሳችን ነው። ከአገር ቤት ልትጠይቀኝ የመጣችውን አክስቴን ይዤ ሄጄ፣ «ዘጠኝ ሰዓት ላይ መሙላት ይጀምራል» አልኳት። እሷ ከምሳ በኋላ መስሏት ዳቦዋን ዘርግታ ተደላደለች። እኔ ያልኩት በፈረንጁ ነበር፣ በእኛ ከጠዋቱ ሦስት። ጫማዋን በእጇ ይዛ ነው የወጣነው፤ እስካሁን ትስቅብኛለች።

ከገደሉም ራቁ። በዚህ ጠረፍ በቅሪተ አካል ለቃሚነት ስሟ ከሁሉ የገነነው ሜሪ አኒንግ (እ.ኤ.አ. 1799–1847) የላይም ሪጂስ የእንጨት ሠራተኛ ልጅ ነበረች። ገና በልጅነቷ ከወንድሟ ጋር ኢክትዮሶር የተባለውን የባሕር አውሬ አጽም አገኘች፤ እ.ኤ.አ. በ1823 ደግሞ ፕሌሲዮሶር የተባለውን ሌላ የባሕር አውሬ የመጀመሪያ ሙሉ አጽም። አሞናይትም ለጎብኚዎች እየሸጠች ትተዳደር ነበር። ያን ያህል ዳርቻውን የምታውቅ ሴት እ.ኤ.አ. በ1833 ናዳ ሲወርድ ለጥቂት ተረፈች፤ አብሯት ይሄድ የነበረው ውሻዋ ትሬይ ግን አጠገቧ ተቀብሮ ሞተ። እ.ኤ.አ. በ2022 በከተማዋ የቆመላት ሐውልት ላይ ውሻውም አብሯት አለ። ዝናብ ከጣለ በኋላ ደግሞ ከገደሉ ሥር የተዘረጋው ጭቃ ደረቅ እየመሰለ እስከ ጉልበት ይውጣል፤ አትርገጡት።

ለቀማው

እናቶቻችን ምስር ሲለቅሙ አይታችኋል? ዓይናቸው እያንዳንዱን ፍሬ አይመረምርም። ሰፌዱን ሁሉ አንድ ላይ ያያሉ፣ ከምስሩ የተለየው ራሱ ብቅ ይላል። እዚህም እንደዚያው ነው። ተቀመጡ ወይም ተንበርከኩ፤ ቆሞ የሚለቅም ባዶ እጁን ይመለሳል። አንድ ክንድ ስፋት ያለው ጠጠር ምረጡና ጥምዝምዝ ብቻ እየፈለጋችሁ ዓይናችሁን አሳርፉ። ተፈጥሮ እንዲህ ያለ ሥርዓት ያለው ጥምዝ በድንጋይ ላይ እንዲያው አትሠራም፤ ካያችሁት ብዙውን ጊዜ አሞናይት ነው።

ሞገዱ ደግሞ ያንገዋልልላችኋል። ፓይራይት ከባድ በመሆኑ፣ በሰፌድ ጠጠር ወደ አንድ ጥግ እንደሚሰበሰብ ሁሉ፣ ባሕሩም ከሌላው ከባድ ነገር ጋር አንድ ቦታ ያከማቸዋል። የዛገ ምስማርና የብረት ቁርጥራጭ የተጠራቀመበት ጠቆር ያለ ጠጠር ካያችሁ እዚያ ተንበርከኩ። የቻርማውዝ ሰዎች የነገሩኝ ዋናው ምስጢር ይህ ነው፤ ዝገት ፈልግ፣ ወርቁ ከጎኑ ነው። ብላክ ቬን ከሚባለው ገደል ፊት ለፊት፣ ውኃው የሸሸበት ጠርዝ ላይ በአንድ ጠዋት አሥርና አሥራ አምስት ያነሣሁበት ቀን አለ። ጓንት አድርጉ፤ ከዝገቱ ጋር የድሮ ቆሻሻ መጣያ ብርጭቆም አብሮ ይመጣል።

የለቀማችኋቸውን ባዶ ኪስ ውስጥ አትክተቱ። እርስ በርስ ተፋጭተው ቅርፊታቸው ላይ የተደረደረው ጎድን መሳይ መስመር ይላጫል። ጨርቅ የተነጠፈበት የፕላስቲክ ሳህን ይበቃል።

በኖራ ድንጋይ ውስጥ ያሉትን መፈለግ ሌላ ሥራ ነው። እንደ ድፎ ዳቦ ጠፍጠፍ ያለ፣ ግራጫ፣ ከአካባቢው ድንጋይ ለስለስ ያለ ድብልብል ፈልጉና ጠርዙን ዙሪያውን እዩት። የማበጠሪያ ጥርስ የመሰለ የመስመር ድርድር ጠርዙ ላይ ካለ ውስጡ ሰው አለ እላለሁ እኔ። ከሌለ አብዛኛውን ጊዜ ባዶ ነውና ጉልበታችሁን ቆጥቡ። የምትመቱት በጂኦሎጂ መዶሻ ብቻ ይሁን። የምስማር መዶሻ ድንጋይ ሲመታ ከራሱ ብረት ይሰነጠርና ዓይን ይወጋል፤ የመከላከያ መነጽር ሳታደርጉ አንድም ጊዜ አትምቱ፣ አጠገባችሁ የቆመውም ያድርግ። ደህና የሚመስለውን እዚያው ከመሰባበር ጠቅልላችሁ ቤት ውሰዱት።

ማጠብና ማድረቅ

አሁን ዋናው መጣ። በዚያው ማታ፣ ደክሟችሁም ቢሆን፣ ጨዉን ማስወጣት ጀምሩ። የባሕር ጨው ድንጋዩ ውስጥ ከቀረ ሲደርቅ ይጠጥርና ይሰነጥቀዋል፤ እርጥበትም ይስባል።

የኖራ ድንጋዮቹን ንጹሕ የቧንቧ ውኃ በያዘ ባልዲ ዘፍዝፉ፤ ውኃውን በየቀኑ እየቀየራችሁ አንድ ሁለት ሳምንት ይቆዩ። ፓይራይቶቹን ግን ከአንድ ሁለት ቀን በላይ አታቆዩአቸው፣ ውኃውንም ጠዋትና ማታ ቀይሩ። ከዚያ በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ አሸት አሸት አድርጋችሁ አውጧቸው። በጨርቅ ካደረቃችሁ በኋላ በአሴቶን ንከሩ፤ አሴቶኑ በጥቃቅን ቀዳዳዎች የገባውን ውኃ እየገፋ ይዞት ይወጣል። አሴቶን በእሳት ፈጥኖ ይያያዛልና መስኮት ከፍታችሁ፣ ከምድጃ ርቃችሁ ሥሩ። ቀጥሎ ክዳኑ በሚገጥም ዕቃ ከሲሊካ ጄል ጋር ሁለት ሳምንት ዝጉባቸው። ሲሊካ ጄል ያ በአዲስ ጫማ ሳጥን ውስጥ የሚገኘው ከረጢት ነው፤ እሱ ግን ትንሽ ስለሆነ በኪሎ የሚሸጠውን፣ ሲረጥብ ከብርቱካንማ ወደ አረንጓዴ የሚቀየረውን ግዙ። አረንጓዴ ሲሆን በ120 ዲግሪ ምድጃ ውስጥ አድርቃችሁ ደግማችሁ ትሠሩበታላችሁ።

ፍጹም ከደረቀ በኋላ የሚቀባ ነገር አለ። ሙዚየሞች የሚጠቀሙበት ፓራሎይድ ቢ-72 የተባለ ፍሬ ፍሬ ሙጫ ነው። 5 ግራሙን በ100 ሚሊ ሊትር አሴቶን አሟሙታችሁ በስስ ብሩሽ ቀቡት፤ ከፈለጋችሁ በሌላ ጊዜ በአሴቶን ይለቃል። የጥፍር ቀለምና የዕቃ ቫርኒሽ ግን ቢጫ ይሆናሉ፣ ለማስለቀቅም ያስቸግራሉ። ደግሞም አትታለሉ፤ ቅቡ ድንጋዩን ያጠነክራል እንጂ ከእርጥበት አያድነውም። እርጥበት ያለበት ድንጋይ ላይ ከቀባችሁትማ ጠላቱን ውስጥ ቆልፋችሁበታል።

ድንጋዩን ማስለቀቅ

በኖራ ድንጋይ የታፈነውን አሞናይት ማውጣት የትዕግሥት ሥራ ነው። ባለሙያዎቹ በአየር ግፊት የሚንቀጠቀጥ እስክሪብቶ መሳይ መቅረጫ አላቸው። እኔ ዓመታት የሠራሁት በእጀታ በተያዘ የብረት መርፌና ጥርስ ሐኪም በሚጠቀምበት መንጠቆ ነው። ከጥምዝምዙ መሐል አትጀምሩ፤ መሐሉ ስስና ተሰባሪ ነው። ከውጪኛው ዙር ጀምራችሁ ወደ ውስጥ ግቡ። የመርፌውን ጫፍ ወደ አሞናይቱ ሳይሆን ከእሱ አርቃችሁ ግፉት። ድንጋዩና ቅርፊቱ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ስትደርሱ ንጣፉ ራሱ ቅርፍ ብሎ ይነሣል፣ ከሥሩም ያ ጎድን ጎድኑ ጥቁር ሆኖ ያበራል። ያቺን ቅጽበት ለማየት ስል ሙሉ እሑድ አንድ ወንበር ላይ የዋልኩባቸው ቀናት ብዙ ናቸው። የተሰበረ ካለ ፓራሎይዱን ወፍራም አድርጋችሁ በእሱ አጣብቁት።

ኮምጣጤ፣ ሎሚ ወይም ኮካ ኮላ ውስጥ ንከሩት የሚላችሁን አትስሙ። አሞናይቱም ድንጋዩም ከአንድ ዓይነት ኖራ የተሠሩ በመሆናቸው አሲዱ አንዱን ከሌላው አይለይም። አቧራውንም አትሳቡት፤ አፍና አፍንጫ የሚሸፍን ጭምብል አድርጉ፣ ጠረጴዛውን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ።

መዝገቡ

ከየት እንደተነሣ ያልተጻፈለት አሞናይት ጌጥ ነው፤ ከዚያ አልፎ ለማንም አይጠቅምም። የተጻፈለት ግን ለተመራማሪም ይናገራል። በነጭ ቀለም ትንሽ ነጥብ፣ በማይታየው ጎኑ በኩል አድርጉና በቀጭን ብዕር ቁጥር ጻፉበት፤ ያንኑ ቁጥር በደብተር ላይ አስፍሩ። ቦታውን በዝርዝር (ቻርማውዝ፣ ከብላክ ቬን ፊት ለፊት፣ በጠጠር ውስጥ)፣ ቀኑን፣ ያገኘውን ሰው። በቀኑ ላይ ጥንቃቄ! «2016» ብላችሁ ከተዋችሁት ከሃያ ዓመት በኋላ የትኛው አቆጣጠር እንደሆነ የሚያውቅ አይኖርም፤ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. ማለትን አትርሱ። የእኔ የመጀመሪያ ደብተር ግማሹ በዚህ ተበላሽቷል።

ስሙ በኋላ ይደርሳል። ትንንሹና ጎድኑ ወደ ውጪኛው ጠርዝ ሲደርስ ጠፍጠፍ የሚለው ብዙውን ጊዜ ፕሮሚክሮሴራስ ነው፤ ቻርማውዝ ላይ በብዛት ከሚገኙት አንዱ እሱ ነው። እንደ ተጠቀለለ ገመድ ብዙ ዙር ያለው ኤኪዮሴራስ ይሆናል። በጀርባው ላይ እንደ ጀልባ ሥር ከፍ ያለ መስመር ያለውና ገዘፍ የሚለው አስቴሮሴራስ ሊሆን ይችላል። የቅርፊቱ ንጣፍ በተላጠበት ቦታ እንደ ቅጠል ጠርዝ የተዘነጣጠለ መስመር ታያላችሁ፤ ያ የክፍሎቹ ግድግዳ ከቅርፊቱ የተሰፋበት ነው፤ ስም ለመለየትም ይረዳል። ወረቀቱን ግን ከፓይራይቱ ጋር አንድ ኪስ ውስጥ አትክተቱ፤ ድንጋዩ የታመመ ዕለት አሲዱ ጽሑፋችሁን ይበላዋል።

ማሳየት

እንግዳ ሲመጣ ድንጋይ አፍሳችሁ ጠረጴዛ ላይ አትዘርግፉ። ከሃያ ይልቅ የተመረጠ ሦስት ያምራል።

አሞናይትን የሚያሳየው ብርሃን ነው። ከላይ የሚመጣ መብራት ጠፍጣፋ ያደርገዋል፤ ከጎን፣ ዝቅ ብሎ፣ እንደ ማለዳ ፀሐይ አግድም የሚነካው መብራት ግን እያንዳንዷን ጎድን ጥላ ይሰጣታል። ትንሽ የኤል.ኢ.ዲ. መብራት በአንድ ወገን ብቻ አድርጋችሁ ሞክሩት፤ ልዩነቱን ወዲያው ታዩታላችሁ። ከሥሩ ጥቁር ወይም ጥቁር ሰማያዊ ጨርቅ አንጥፉ።

ፓይራይቶቹን ባለ ጎማ ክዳን የቡና ማስቀመጫ ብርጭቆ ውስጥ አስቀምጣቸዋለሁ። ከታች ሲሊካ ጄል፣ በላዩ ጥቁር ጨርቅ፣ በጨርቁ ላይ አሞናይቶቹ፣ ከጎናቸው ሳንቲም የምታህል የእርጥበት መለኪያ። መለኪያዋ ከ40 በመቶ በታች እንድታሳይ እፈልጋለሁ፤ 60 ካለፈ አደጋ ነው። መታጠቢያ ቤትን እኔ ሞክሬ አይቸዋለሁ፣ እናንተ ደግሞ ወጥ ከሚንተከተክበት ኩሽና ራቁ። የአዲስ አበባ የሐምሌና የነሐሴ እርጥበትም ቀላል አይደለም።

የኖራ ድንጋዮቹ ይህን ያህል አይሞላቀቁም፤ መደርደሪያ ላይ በግልጽ ሊቆሙ ይችላሉ። የሉል ዓይነት ቅርፊታቸው ያልተነካው፣ የሚያብረቀርቁት ዓይነቶች ግን በኦክ እንጨት በተሠራ ዝግ ቁም ሣጥን አይቀመጡ። እንጨቱ የሚተፋው የአሲድ ትነት ቀስ በቀስ ቅርፊቱን ነጭ ዱቄት ያለብሰዋል፤ ሙዚየሞች ይህን የተማሩት የቀንድ አውጣ ስብስባቸው ከተበላሸ በኋላ ነው። ብርጭቆና የተቀባ ብረት ያስተማምናል።

እኔ ቤት ትልቁ አሞናይት፣ የሁለት እጅ መዳፍ የሚያህለው፣ የቆመው እናቴ ከላከችልኝ ሰፌድ ፊት ነው። ሰፌዱ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ሰፌድ ከመሐል ተጀምሮ ዙሪያውን እየተጠመጠመ ይሰፋል፣ አሞናይቱም ቤቱን የሠራው እንዲሁ ነው። ማብራሪያ ወረቀት ሳልለጥፍ የሚገባ እንግዳ ሁሉ ሁለቱን አይቶ ፈገግ ይላል።

መሄድ ላልቻለ

ገዝቶ መጀመር ነውር የለውም። ለሁለት ተሰንጥቆ የተለሰለሰው፣ ክፍሎቹ በቀለማት የሚያበሩት፣ በየድንጋይ ሱቁ የሚገኘው አብዛኛው ከማዳጋስካር የመጣ ነው፤ ዋጋውም አይከብድም። ሁለቱ ግማሾች ሲገጠሙ መስመር በመስመር መግጠማቸውን አረጋግጡ። ከሞሮኮ የሚመጣው ግን ዓይን ይፈልጋል፤ ከድንጋይ ዱቄትና ሙጫ የተቀረጸ፣ ወይም ግማሹ እውነት ግማሹ ጭማሪ የሆነ ብዙ አለ። የአየር አረፋ ቀዳዳ ካያችሁ፣ ወይም አንድ መልክ ያላቸው ሁለት ካጋጠሟችሁ ተዉት። በአሴቶን የተነከረ ጥጥ ስትነኩት ቀለም የሚለቅም እንዲሁ። በደቡብ ጀርመን፣ በሆልትስማደን አካባቢ የምትኖሩ ደግሞ ገንዘብ ከፍላችሁ ጥቁር ንብርብር ድንጋይ የምትሰነጥቁበት የድንጋይ ካባ አላችሁ።

እስራኤል ያላችሁ በኔጌቭ በረሃ፣ በማክቴሽ ራሞን ያለውን የአሞናይት ግድግዳ ሄዳችሁ ተመልከቱ፤ በመቶ የሚቆጠሩ ጥምዝምዞች በአንድ ዐለት ላይ ናቸው። ቦታው የተፈጥሮ ጥበቃ ክልል ነው፤ በእጅ ከመዳሰስ ያለፈ አይሞከርም።

አገር ቤትስ? የትግራይ ደጋና የአባይ ሸለቆ በዳይኖሰር ዘመን የባሕር ወለል ነበሩ። እንግሊዛዊው የድንጋይ ተመራማሪ ዊሊያም ብላንፎርድ እ.ኤ.አ. በ1868 ከመቅደላው ዘመቻ ጋር መጥቶ ያጠናውና በአንታሎ ስም የተጠራው የኖራ ድንጋይ፣ በመቀሌ ዙሪያ ገደል ሆኖ ቆሞ ይታያል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን ስትወርዱና ስትወጡ በመንገዱ ዳር የተቆረጠው ቢጫማ ንብርብርም የዚያው ባሕር ነው፤ ዛጎል ሞልቶታል፣ አሞናይትም አልፎ አልፎ አለ። ነገር ግን እዚያ የቻርማውዝ ደንብ አይሠራም። በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ያለ ፈቃድ መቆፈርም ሆነ ከአገር ማውጣት ክልክል ነው፤ በድንገት ያገኘም ወዲያውኑ ማሳወቅ አለበት። ስለዚህ መኪናውን ጥግ አስይዙና ውረዱ። ጥምዝምዝ ካያችሁ አጠገቡ አንድ ብር ሳንቲም አድርጋችሁ በስልካችሁ ፎቶ አንሡት፣ ቦታውን በካርታው ላይ ምልክት አድርጉ፣ ለቅርስ ባለሥልጣን ላኩ። ሳንቲሙን አንሥታችሁ ድንጋዩን እዚያው ተዉት።